ቤት ሲጠፋ ማን ይወስን? ማዘጋጃ ቤቱ ወይስ መንግሥት?

ስለ ኔዘርላንድስ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ሁሉም ነገር በሕግና በወረፋ የሚሄድበት አገር ነው። እውነት ነው፣ ወረፋ አለ። ወረፋው ግን ረጅም ነው። በአምስተርዳም ኪራዩ ዝቅ ያለ የሶሻል ቤት ለማግኘት ተመዝግቦ ከአሥር ዓመት በላይ መጠበቅ የተለመደ ሆኗል። ቤት እንዲህ ሲጠፋ ሁሉም «ማን ይሥራ?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ቀጥሎ ግን አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፦ ማን የት እንደሚኖር የሚወስነው ማነው?

የአገሪቱ ፓርላማ በሄግ ነው። የሄግ ማዘጋጃ ቤት ከዚያ በእግር የሚደረስ ነው። ሁለቱ እንዲህ ቢቀራረቡም ሥልጣኑን ሲጓተቱበት ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። አምስተርዳም ከ1896 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መሬቷን ከመሸጥ ይልቅ በሊዝ መስጠትን መርጣለች። በ1901 ደግሞ ማዕከላዊው መንግሥት የመጀመሪያውን የቤቶች ሕግ አወጣ። ሕጉ ማዘጋጃ ቤቶች የግንባታ ደንብ እንዲያወጡ፣ በፍጥነት የሚያድጉትም የማስፋፊያ ፕላን እንዲኖራቸው አስገደደ። ሥርዓቱ የተወለደው እንዲህ ነው፤ ሕጉን መንግሥት ያወጣል፣ ሥራውን ከተማው ይሠራል። ሲጠቅም ሁለቱም ይመሰገናሉ። ሲጎዳ ግን አንዱ ወደ ሌላው ጣቱን ይቀስራል።

ለዚህ ከሮተርዳም የተሻለ ምሳሌ የለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የከተማዋ አስተዳደር «ድሆች በአንዳንድ ሰፈሮች በዝተዋል፣ ሰፈሮቹ ከአቅማቸው በላይ ሆነዋል» ብሎ ለመንግሥት አቤት አለ። መንግሥትም ሰማ። ከጥር 1 ቀን 2006 ጀምሮ ሰዉ በተለምዶ «የሮተርዳም ሕግ» የሚለው አዋጅ ሥራ ላይ ዋለ። በዚህ ሕግ መሠረት ከተማው ይጠይቃል፣ ሚኒስትሩ ሰፈሩን ያጸድቃል። ከዚያ በኋላ በአካባቢው ስድስት ዓመት ያልኖረና ከሥራ የሚገኝ ገቢ የሌለው ሰው በዚያ ሰፈር ቤት የመከራየት ፈቃድ ሊከለከል ይችላል። ልብ በሉ፤ ሰውየው ወንጀል አልሠራም፣ ኪራይም አላጓደለም። ጥፋቱ ድሃና አዲስ መሆኑ ብቻ ነው።

በደቡብ ሮተርዳም ታርዌዋይክ በሚባል ሰፈር በመንግሥት ድጎማ ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት እናት ይህ ሕግ ደረሰባት። ቀድሞውንም የዚያው ሰፈር ነዋሪ ነበረች። አከራይዋ ቤቱን ስለፈለገው እዚያው ሰፈር ሌላ ቤት ሊሰጣት ተስማማ። ማዘጋጃ ቤቱ ግን ፈቃድ ከለከላት። በአገሯ ፍርድ ቤቶች ተሸነፈች። ጉዳዩ የአውሮፓ ሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ፣ ታላቁ ችሎት ኅዳር 6 ቀን 2017 (በፈረንጆቹ አቆጣጠር) በ12 ለ 5 ድምፅ መብቷ አልተጣሰም አለ። ምክንያቱም በእንዲህ ያለ ጉዳይ አገሮች የራሳቸውን ፖሊሲ ለመምረጥ ሰፊ ነፃነት አላቸው የሚል ነው።

ሕጉ የታለመለትን ግብ ቢመታ እንኳ አንድ ነገር ነበር። በ2015 የወጣው የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት ግን የነዋሪው ስብጥር ቢቀየርም የሰፈሮቹ ደኅንነትና የኑሮ ሁኔታ በዚያ ምክንያት ሲሻሻል እንዳላየ ገልጿል። የተከለከሉት ሰዎች ድህነታቸውን ይዘው ሌላ ሰፈር ገቡ፣ አለቀ።

«እንግዲያው ለከተማው ሕዝብ ይተውለት» የሚል ሰው ይኖራል። ይህም ተሞክሯል። ሮተርዳም እስከ 2030 ድረስ ርካሽ ቤቶችን ወደ 20,000 ገደማ የሚቀንስ ዕቅድ ስታወጣ፣ ኅዳር 30 ቀን 2016 ነዋሪዎች ድምፅ እንዲሰጡበት ተጠሩ። ድምፅ ከሰጠው አብዛኛው «አይሆንም» አለ። የወጣው መራጭ ግን 17 በመቶ ገደማ ብቻ ስለነበር፣ የሚፈለገው ደግሞ 30 በመቶ ስለሆነ፣ ውጤቱ አልተቆጠረም። ዕቅዱ ቀጠለ። ትዌቦስቡርት በሚባለው ሰፈር ከ500 በላይ ቤቶች እንዲፈርሱ ተወሰነ። በ2021 የተባበሩት መንግሥታት ልዩ ራፖርተሮች ስለዚሁ ጉዳይ ለኔዘርላንድስ መንግሥት ደብዳቤ እስከመጻፍ ደረሱ። እንግዲህ የቅርብ መንግሥት ሁልጊዜ የሚያዝን፣ የሩቁ ደግሞ ሁልጊዜ የሚጨክን አይደለም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም እንደሚባለው፣ የተናቀ ነዋሪ በሁለቱም ዘንድ ይናቃል።

በሌላ በኩል ማዕከላዊው መንግሥት ሥልጣን አውርዶ ጥሩ የተጠቀሙበት ጊዜም አለ። ከ2022 ጀምሮ ማዘጋጃ ቤቶች በተመረጡ ሰፈሮች ርካሽና መካከለኛ ዋጋ ያለውን ቤት የገዛ ሰው ለአራት ዓመት እንዳያከራየው መከልከል ይችላሉ። ሮተርዳም፣ ሄግና አምስተርዳም ሦስቱም በዚያው ዓመት ተጠቀሙበት። ዓላማው ባለሀብቱ ጠቅልሎ እንዳይገዛና ወጣቱ ቤተሰብ ዕድል እንዲያገኝ ነው። ይህም ቢሆን ዋጋ አለው፤ የሚከራይ ቤት ሲቀንስ ኪራይ ይወደዳል። ተከራዩ ሄዶ የሚያማርረው ለማን ነው? ሕጉን ላወጣው ወይስ ሰፈሩን ለመረጠው?

የእኛን ሰዎች በቀጥታ የሚነካው ደግሞ የስደተኞች ድልድል ነው። መንግሥት በየስድስት ወሩ እያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት በሕዝቡ ብዛት ልክ ስንት የመኖሪያ ፈቃድ ያገኙ ስደተኞችን ቤት መስጠት እንዳለበት ይወስናል። ስደተኛው ዘመድ ያለው ሮተርዳም ቢሆንም ዕጣው ስሟን ሰምቶ የማያውቃት ትንሽ ከተማ ልትሆን ትችላለች። ከተማው «ቤት የለኝም» ይላል፣ መንግሥት «ግዴታህ ነው» ይላል፣ ሰውየው መጠለያ ካምፕ ተቀምጦ ይጠብቃል። ዝሆኖች ሲራገጡ የሚጎዳው ሳሩ ነው።

ይህን የሚያነብ የአዲስ አበባ ሰው ፈገግ ሳይል አይቀርም። መሬት በሊዝ፣ ሰፈር ሲፈርስ፣ ነዋሪ ሲዛወር፣ ሁሉም አዲስ አይደለም። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 49 ለአዲስ አበባ ራሷን በራሷ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን ይሰጥና ወዲያው ተጠሪነቷን ለፌዴራል መንግሥት ያደርገዋል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ከፒያሳና ከሌሎች ሰፈሮች የተነሣ ሰው «የወሰነብኝ ማነው?» ቢል መልሱ ቀላል አይደለም። ልዩነቱ፣ የሮተርዳሟ እናት ብትሸነፍም የተሸነፈችበት ፍርድ በጽሑፍ አለ፤ ከአሥራ ሰባቱ ዳኞች አምስቱ አብረዋት መቆማቸውም ተመዝግቧል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በእኔ እምነት «ከተማው ወይስ መንግሥት?» የሚለው ክርክር ብቻውን የትም አያደርስም። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ነዋሪውን ለማንሣት ወይም ለመከልከል የፈረመው አካል በስሙ ይታወቃል ወይ? ሰዉ ከመነሣቱ በፊት ምትክ ቤት በእጁ ገብቷል ወይ? ይግባኝ የሚልበት፣ ከወሳኙ የተለየ ቦታ አለው ወይ? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ያለው ሥርዓት ሥልጣኑ ሄግም ይሁን ሮተርዳም፣ አራት ኪሎም ይሁን ማዘጋጃ፣ ነዋሪው ቢያንስ የሚናገረው ሰው አለው። መልስ ከሌለው ግን ሥልጣኑን ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ማዛወር ማኅተም ከመቀየር አያልፍም፤ ቤቱ የፈረሰበት ሰው ማኅተሙ የማን እንደሆነ ቢያውቅም ባያውቅም ያው ሜዳ ላይ ነው።