ዝቅ ስላለው የጀልባ ጋሪ

በመኪና የሚጎተት የጀልባ ጋሪ ሆዱ መንገዱን መፋቅ ሲጀምር፥ ባለቤቱ ቶሎ ብረት በይዶ ከፍ ሊያደርገው ያስባል። ነገር ግን ዝቅ ያለው ስለ ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ መመርመር ይገባዋል። አንዳንድ ጊዜ በደሉ የጋሪው አይደለም፤ በጀልባው ወለል ውኃ ተጠራቅሞ እንደ ሆነ፥ 100 ሊትሩ 100 ኪሎ ይመዝናልና ውታፉን ነቅሎ ማፍሰስ ብቻ ይበቃል። ባሌስትራው ደክሞ ጕብጠቱ ጠፍቶ እንደ ሆነ ግን በአዲስ ይለወጣል።

ይህም ሆኖ ካልበቃ፥ በባሌስትራው ላይ የተቀመጠው አክስል ከሥሩ ይታሰራል። የአክስሉ ውፍረት 6፥ የባሌስትራውም 4 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ ጋሪው ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ይነሣል። መካከሉ ወደ ላይ ጐበጥ ብሎ የተሠራ አክስል ግን አይገለበጥም፤ ስለ ምን ቢሉ፥ ጎማዎቹ ዘመው ቶሎ ይበላሉና። ስለዚህ አክስሉ እንዳለ ሆኖ፥ የባሌስትራው መቀመጫ በላይ በኩል በአዲስ ይበየዳል። ጀልባውን ሳያወርዱ በክሪክ ብቻ አንሥቶ ከሥር መግባት ሞትን መጥራት ነው፤ ብዙ ሰው ግን ይደፍረዋል።

ከፍታውም ያለ ዋጋ አይገኝም። ጀልባው ከፍ ብሎ ሲቀመጥ በመንገድ መታጠፊያ ለመገልበጥ ይቀርባል። ወደ ሐይቅም ሲወርድ፥ ጀልባው እንዲንሳፈፍ ጋሪው ከቀድሞው በዚያው 10 ሳንቲ ሜትር አብልጦ መጥለቅ አለበት፤ መውረጃው ቀና ባልሆነበትና ተዳፋቱ ባነሰበት ስፍራ የመኪናው የኋላ ጎማ ሳይቀር ውኃ ውስጥ ይገባል።