መሬት ያጡት ገበሬ ያቋቋሙት ድርጅት

ለድርጅት መሪነት የሚያበቃው ምንድን ነው ተብሎ መርካቶ ውስጥ ቢጠየቅ አንዱ ካፒታል፣ ሌላው ዘመድ፣ ሦስተኛው ትምህርት ማለቱ አይቀርም። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ፣ በደቡብ ጎንደር ፎገራ ወረዳ የሚገኘውን የአውራ አምባ ማኅበረሰብ የመሠረቱት ዙምራ ኑሩ ግን ሲጀምሩ ከሦስቱ አንዱም አልነበራቸውም። የእስቴ ገበሬ ልጅ ናቸው፤ በልጅነታቸው ትምህርት ቤት አልገቡም። ዘመድም ቢሆን ሊደግፋቸው ቀርቶ አእምሮውን ታሟል እስከ ማለት ደርሶ ነበር።

የነበራቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። እናት ከአባት ጋር እርሻ ውላ ትመለሳለች። ከዚያ አባት ሲያርፍ እርሷ ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፣ የባሏን እግር ታጥባለች። ይህ ለምን ይሆናል? ዙምራ ይህንን ጥያቄ ይዘው ገና በወጣትነታቸው ጎጃምን፣ ጎንደርንና ወሎን ዞሩ። በነጋዴ ቋንቋ ለዓመታት ገዢ ያላገኘ ዕቃ ተሸክሞ ከገበያ ገበያ መንከራተት ማለት ነው። ሆኖም ዕቃውን አልጣሉትም። በ1964 ዓ.ም. ሐሳባቸውን ከተቀበሉ ጥቂት ሰዎች ጋር አውራ አምባን መሠረቱ፤ ጀማሪዎቹ ከሃያ አይበልጡም ነበር።

በአውራ አምባ ሴት ታርሳለች፣ ወንድ ይፈትላል፣ እንጀራ ይጋግራል። ብዙ ጊዜ ስለዚህ የሚነገረው ከመብት አንጻር ብቻ ነው፤ ነገሩ ግን የሒሳብም ጉዳይ ነው። ሥራ በጾታ ሲታጠር ግማሹ ጉልበት ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው መዛወር አይችልም። አጥሩ ሲነሳ ያው የሰው ቁጥር ብዙ ሊሠራ ይችላል።

ትልቁ ፈተና የመጣው በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ነው። በአካባቢው ክስና ዛቻ የበረታባቸው የማኅበረሰቡ አባላት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ ከፋ፣ ቦንጋ አካባቢ ተሰደዱ። ከደርግ ውድቀት በኋላ ሲመለሱ መሬታቸው በሌሎች ተይዞ ነበር። የቀራቸው 17 ሄክታር ተኩል ገደማ ነው። ለደጋው ገበሬ መሬት ማጣት ሁሉን ማጣት በመሆኑ ብዙዎች በዚህ ጊዜ ይበተኑ ነበር። አውራ አምባ ግን የሥራ መስኩን ለወጠ። ሽመና ዋነኛ መተዳደሪያ ሆነ፤ ቀጥሎ የእህል ወፍጮና ሱቅ፣ እያደር ደግሞ የእንግዳ ማረፊያ ተጨመረ። በአካባቢው ሸማኔ፣ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ሲናቁ የኖሩ መሆናቸውን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ቀላል ውሳኔ አይደለም። ገበሬ ነኝ የሚል ሰው ሸማኔ ተብሎ ለመጠራት መስማማት ነበረበት። ወፍጮው በበኩሉ ሌላ ውጤት አመጣ፤ ማኅበረሰቡን ያገለለው ጎረቤትም እህሉን ለማስፈጨት መምጣቱ አልቀረም።

የኅብረት ሥራ ማኅበሩ አሠራር በአጭሩ ይህን ይመስላል። ወጪ ከተቀነሰ በኋላ የዓመቱ ትርፍ ለአባላት እኩል ይከፋፈላል። በሳምንት አንድ ቀን የሚሠራው ሥራ ገቢ ደግሞ ለአረጋውያን፣ ለሕሙማንና አሳዳጊ ለሌላቸው ሕፃናት ይውላል። ድግስና የተራዘመ ሐዘን የለም፤ በደጋው ለሠርግና ለተዝካር የሚወጣውን ገንዘብ ለሚያውቅ ይህ ራሱ የቁጠባ ሒሳብ ነው። እርግጥ ማንኛውም የኢኮኖሚ ተማሪ ድርሻው እኩል ከሆነ ሰነፉን ማን ያሠራዋል ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። የመንግሥት እርሻዎችንና የደርግን ዘመን የአምራቾች ማኅበራት የጣላቸው አንዱ ይኸው ነበር። ልዩነቱ እዚያ አባልነቱ ከላይ በትእዛዝ የመጣ መሆኑ ነው። እዚህ ግን ሰው የገባው ወዶ ነው፤ ሁሉም ስለሚተዋወቅ የሚለግም አይሰወርም። ይህ በጥቂት መቶ ሰዎች መካከል ሠርቷል፤ በብዙ ሺህ መካከል ይሠራል ማለት ግን አይቻልም።

ደቡብ ጎንደር ሌላም ዓይነት መሪ አይቷል። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አድርገው በአጠገቧ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠሩ። ብርታታቸውን የሚጠራጠር የለም። ነገር ግን ሁሉም በአንድ ሰው ላይ የቆመ ስለነበር ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ ሥራውን የሚረከብ ተቋም አልነበረም። ዙምራ በ2002 ዓ.ም. ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት የተሰጣቸው ቢሆንም፣ የአውራ አምባ ዕለታዊ ሥራ የተከፋፈለው በአባላት በሚመረጡ ኮሚቴዎች መካከል ነው። የአክሲዮን ገዢ ሥራ አስኪያጁ ነገ ቢሄድ ማን ይፈርማል ብሎ ለሚጠይቀው ጥያቄ ግማሽ መልስ ይህ ነው።

ሌላው ግማሽ በወጣቶቹ እጅ ይገኛል። የአውራ አምባ ልጆች ተምረው ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀዋል። አንድ ምሩቅ ከተማ ውስጥ የሚያገኘው ደመወዝ መንደሩ ከሚያካፍለው እኩል ድርሻ ሊበልጥ ይችላል። ወላጆቻቸው ሲገቡ የሚጥሉት ጥቂት ነበር፤ እነርሱ ለመቅረት የሚጥሉት ብዙ ነው።