ሞዴሱን ፀሐይ ይየው

ማስጫ ገመድ ላይ ነጠላውም፣ ዩኒፎርሙም፣ የሕፃን ጨርቁም ለመንደሩ ሁሉ ይታያል። ታጥቦ ዳግም የሚያገለግል ሞዴስ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ከፍራሽ ሥር ይገባል፣ ከበር ጀርባ ይንጠለጠላል፣ ገመድ ላይ ከወጣም በሻሽ ተሸፍኖ ነው። ይሉኝታ የሚመርጠው ጨለማና እርጥበት ለፈንገስና ለባክቴሪያ ምቹ ማደሪያ ነው። በወልድያ፣ በመርሳም ሆነ በሀብሩ የገጠር ቀበሌዎች ሴት ተማሪዎች በወር አበባቸው ሰሞን ከክፍል እንዳይቀሩ የሚታጠብ ሞዴስ ማደል ደግ ሥራ ነው። ጥቅሙ የሚለየው ግን ልጅቷ አጥባ በምታደርቅበት ቦታ ነው።

ከጨርቁ ውስጥ

አንዲት ሴት በአንድ ዙር የወር አበባ የምታጣው ደም በአማካይ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ነው፤ የቡና ስኒ ግማሽ ቢሞላ ነው። ከ80 ሚሊ ሊትር ካለፈ እንደ ብዙ ስለሚቆጠር ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።

የሚታጠበው ሞዴስ ብዙውን ጊዜ ሦስት ድርብ አለው። ገላ የሚነካው ስስ ጥጥ ነው። መሃሉ እንደ ፎጣ ያለ፣ ፈሳሹን በክሮቹ መካከል ስቦ የሚይዝ ጨርቅ ሲሆን፣ የታችኛው ድርብ ውሃ አያሳልፍም። ግራና ቀኙ ላይ ያሉት ክንፎች ከፓንቲው ሥር ታጥፈው በቁልፍ ይያያዛሉ። ተጠቅመው የሚጥሉት ሞዴስ ፈሳሹን ወደ ዝልግልግ ነገር ለውጦ የሚቆልፍ ኬሚካል አለው። ጨርቁ ይህ ስለሌለው ሲጫኑት መልሶ ይለቃል፤ ስለዚህ በየአራት እስከ ስድስት ሰዓቱ መቀየር አለበት። ከቤቷ ርቃ በእግሯ ለምትማር ልጅ ይህ ማለት ትምህርት ቤት ውስጥ አንዴ መቀየር ማለት ነው። መዝጊያው የሚቆለፍ መጸዳጃ ቤት፣ ውሃና ያገለገለውን የምትይዝበት ትንሽ ቦርሳ ከሌሏት ሞዴሱ ብቻውን አያዘልቃትም።

በአገራችን የዚህ ሥራ ስም ከተነሣ ፍረወይኒ መብራህቱ ትነሣለች። አሜሪካ ኬሚካል ምህንድስና ተምራ የተመለሰችው ፍረወይኒ፣ የነደፈችውን የሚታጠብ ሞዴስ በፓተንት አስመዘገበች። እ.ኤ.አ. በ2009 መቀሌ ላይ ማርያም ሳባ የተባለውን ፋብሪካ ከፈተች፤ በ2019 ደግሞ የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብላ ተመረጠች። ሞዴሱ በአግባቡ ከተያዘ እስከ ሁለት ዓመት ያገለግላል። ወልድያ በ2021 ጦርነት ውስጥ እንዳሳለፈቻቸው ወራት መንገድ ሲዘጋና ሱቅ ሲራቆት፣ አንዴ እጅ የገባ የሚታጠብ ሞዴስ ከየወሩ ግዢ ያሳርፋል። በአንጻሩ ውሃ ይፈልጋል፤ በሀብሩ ጃራ መጠለያ ላሉ ተፈናቃዮች ደግሞ ውሃውም፣ ገመድ የሚዘረጋበት ጓሮም እንደልብ አይገኝም።

አጠባውና ማድረቁ

መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቅለቅ። ሙቅ ውሃ የደሙን ፕሮቲን ከጨርቁ ጋር ያጣብቀውና እድፉ አልለቅ ይላል። ቀጥሎ በሳሙና ታሽቶ፣ አረፋው እስኪጠፋ ድረስ በደንብ ይለቅለቅ። በረኪና ክሩን ይበላዋል፤ ልብስ ማለስለሻም ክሩን ሸፍኖ መምጠጥ ያሳጣዋል። ከዚያ ተዘርግቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ከላይ ያለውን ጀርም ይገድላል፤ ሙቀትና ነፋሱ ደግሞ ከመሃል ያለውን እርጥበት ያወጣሉ። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይበረታል፤ ከባሕር ጠለል ከ2000 ሜትር በላይ ያለችው ወልድያ በዚህ ረገድ ታድላለች። ክረምት ላይ ግን ጨርቁ እስኪደርቅ ስለሚቆይ ተለዋጩ በርከት ማለት አለበት።

መደበቅ የሚያመጣውን ጣጣ ሕንድ ውስጥ በኦዲሻ ግዛት የተደረገና በ2018 የታተመ ጥናት አሳይቷል። የካንዲዳ ፈንገስ የሚታጠብ ጨርቅ በሚጠቀሙ ሴቶች ላይ በዝቶ ተገኝቷል፤ ከእነርሱም መካከል ጨርቁን ቤት ውስጥ በሚያደርቁት ላይ ይበልጥ ታይቷል።

የወር አበባ ከክፍል ያስቀራታል?

መልሱ እንደየአገሩ ነው። ዑጋንዳ ውስጥ በካሙሊ አውራጃ በስምንት ትምህርት ቤቶች በተደረገ ሙከራ፣ የሚታጠብ ሞዴስም ሆነ ስለ ጉርምስና ትምህርት ባላገኙት ዘንድ መቅረቱ በ17 በመቶ የከፋ ነበር። ኔፓል ውስጥ ግን ተማሪዎቹ በወር አበባ ምክንያት የሚቀሩት በዓመት ከግማሽ ቀን ያነሰ ሆኖ ስለተገኘ፣ የታደላቸው ኩባያ መሰል መጠበቂያ ለውጥ አላመጣም። ከክፍል የሚያስቀር ሌላው ምክንያት ቁርጠት ነው። ማህፀን እንዲኮማተር የሚያደርገው ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር ሲበዛ ሕመሙ ይጠነክራል። ይህን ሞዴስ አያስታግሰውም፤ ሙቅ ነገር ሆድ ላይ ማድረግ፣ ወይም የጨጓራ ሕመም ለሌለባት ኢቡፕሮፊን ይረዳል።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በ2024 ባወጡት ሪፖርት መሠረት፣ በዓለም ላይ ስለ ወር አበባ የሚያስተምሩት ትምህርት ቤቶች 39 በመቶ ብቻ ናቸው። እኛ ዘንድም ትምህርቱ ሲሰጥ አባትና ወንድም ቢሰሙት ይበጃል፤ ጓሮው የእነርሱም ነውና። ሞዴስ የሚያድል ድርጅትም ስንት እንዳደለ ቆጥሮ ሪፖርቱን ከመዝጋቱ በፊት፣ ከወራት በኋላ ተመልሶ ልጆቹን «የት ነው የምታሰጡት?» ብሎ ይጠይቅ። ሥራው መሳካት አለመሳካቱን ከዚያ መልስ ያገኘዋል።