የውሃ ታንከር መለኪያ እውነት ይናገራልን?



እንደ ሸዋ ሮቢትና እንደ መላው የቀወት ቆላ ባለ ሙቀት በሚበረታበት አገር፣ ውሃን በታንከር አጠራቅሞ መያዝ ለትምህርት ቤትም ለጤና ጣቢያም ትልቅ ረዳት ነው። በአንዳንዱ ታንከር ጎን ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳና ከፍ ዝቅ የሚል አመልካች ይታያል። ተመልካቹም «ውሃው ይህን ያህል ነው» ብሎ ያልፋል። ነገር ግን አበው «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ብለዋልና፣ አመልካቹንም መጠርጠር ይገባል።

አሠራሩ ቀላል ነው። በታንከሩ ውስጥ በውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ኳስ አለ። ከኳሱ ላይ የታሰረው ገመድ በአናቱ በኩል ወጥቶ በመዘውር ላይ ይዞርና በውጭ አመልካቹን ይይዛል። ውሃው ሲጨምር ኳሱ ይወጣል፣ አመልካቹም ይወርዳል፤ ውሃው ሲጎድል ነገሩ ይገለበጣል። ስለዚህ በሰሌዳው ላይ «ሙሉ» የሚለው ምልክት ከታች፣ «ባዶ» የሚለው ከላይ ይጻፋል።

ይህ ከጤና ጋር ምን ያገናኘዋል? የሚል ቢኖር፣ የሚያገናኘው ክሎሪን ነው። ክሎሪን የሚመዘነው በውሃው ብዛት ልክ ነውና። የውስጥ ስፋቱ 4 ሜትር የሆነ ክብ ታንከር እንውሰድ። የስፋቱ ግማሽ፣ ማለት 2 ሜትር፣ በራሱ ከዚያም በ3.14 ሲባዛ 12.56 ካሬ ሜትር ይሆናል። እንግዲህ እያንዳንዱ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 125.6 ሊትር ውሃ ነው። የውሃው ከፍታ 2 ሜትር ሆኖ ሳለ አመልካቹ ተይዞ 1 ሜትር ቢያሳይ፣ ለ25,120 ሊትር ውሃ የ12,560 ሊትር መድኃኒት ብቻ ይጨመራል። የዓለም ጤና ድርጅት ውሃው ተጠቃሚው ዘንድ ሲደርስ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም ነጻ ክሎሪን እንዲቀርበት ይመክራል። በግማሽ የተጨመረ መድኃኒት ግን በውሃው ውስጥ ባለው ቆሻሻ ተበልቶ ሊያልቅ ይችላል። ውሃው ጥርት ብሎ ቢታይም ኮሌራና የአንጀት ተስቦ ሊያስተላልፍ ይችላል።

እኛም አንድ ጊዜ የአመልካቹን ቁጥር አምነን መድኃኒቱን ከመዘንን በኋላ፣ ዘንግ አስገብተን ብንለካ ገመዱ ከመዘውሩ ወርዶ ተይዞ አገኘነው። ያፈርንበት ነገር ቢሆንም ለሌላው ትምህርት ይሁን ብለን እንናገረዋለን።

መለኪያውን ለመፈተን የሚከተለው ይበቃል።

አንደኛ፣ በክሎሪን ውሃ የታጠበ፣ ሳንቲ ሜትር የተጻፈበት ዘንግ እስከ ወለሉ አስገብቶ እውነተኛውን ከፍታ መለካትና ከሰሌዳው ጋር ማመሳከር።

ሁለተኛ፣ ታንከሩ ሲሞላ በየ25 ሳንቲ ሜትሩ፣ ሲጎድልም እንዲሁ ደግሞ መለካትና ሁሉንም መመዝገብ።

ሦስተኛ፣ ስሕተቱን መለየት። ልዩነቱ በሁሉም ስፍራ እኩል ከሆነ አመልካቹን በገመዱ ላይ በልዩነቱ ልክ ማዛወር ነው። ሲሞላና ሲጎድል የሚያሳየው ካልተስማማ መዘውሩ ወይም ገመዱ ይይዛልና ይጸዳ። ኳሱ ተበስቶ ውሃ ከገባበት ዝቅ ብሎ ስለሚንሳፈፍ ከእውነተኛው ያነሰ ያሳያል፤ ይለወጥ።

ገመዱ የሚወጣበት ቀዳዳም በወንፊት ሽቦ ይጠበቅ። በኢትዮጵያ መጀመሪያ በ2009 ዓ.ም. በቀብሪ ደሃር የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው የወባ ትንኝ በእንዲህ ያለ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለችና።

ወደ ታንከሩ አናት የሚወጣው በሥራው የሠለጠነ ሰው፣ ከታች ረዳት ቆሞለት ይሁን፤ ተማሪዎችን ማውጣት ፈጽሞ አይገባም። መምህራን ግን ሒሳቡን በክፍል ውስጥ ቢያሠሩ፣ ልጆቹ የሚጠጡትን ውሃ ራሳቸው መጠበቅን ይማራሉ። ፈተናውም በየሦስት ወሩ፣ እንዲሁም ታንከሩ በታጠበ ቁጥር ይደገም። መለኪያ የሚታመነው ከተፈተነ በኋላ ብቻ ነው።