በሥራው የመራው ተጫዋች

ቤዝቦል በሰሜን አሜሪካና በካሪብያን ባሕር ደሴቶች ሕዝብ ዘንድ እጅግ የተወደደ የኳስ ጨዋታ ነው። ወርዋሪው ትንሽና ጠንካራ ኳስ በኃይል ይወረውራል፤ መቺው ደግሞ ኳሷን በእንጨት ዱላ መትቶ ይሮጣል። በሜዳው ላይ ቤዝ የሚባሉ አራት መርገጫዎች በአራት ማዕዘን ቅርጽ ተቀምጠዋል። በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ያለው ርቀት 27 ሜትር ያህል ነው። አራቱንም ዞሮ ወደ መነሻው የተመለሰ ሰው ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያስገኛል። ነገር ግን መቺው የመታት ኳስ መሬት ለመሬት ተንከባልላ ከተከላካዮቹ አንዱ ቢይዛትና እሱ ሳይደርስ ወደ መጀመሪያው ቤዝ ብትወረወር፣ መቺው ከተራው ይወጣል። ሦስት ሰዎች የወጡበት ቡድን የመምታት ተራውን ለተጋጣሚው ይለቃል። ሁለቱም ቡድኖች በየተራቸው ሲመቱ አንድ ዙር ይሆናል፤ ግጥሚያው ዘጠኝ ዙር አለው።

እንግዲህ ኳሷን በደካማው መትቶ በቀጥታ ወደ ተከላካይ እጅ የላካት ሰው ነገሩ እንዳበቃ ያውቀዋል። በመሆኑም ብዙ ተጫዋቾች ጥቂት እርምጃ ከሮጡ በኋላ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ተስፋ የሌላት ሩጫ ናትና ማንም አጥብቆ አይወቅሳቸውም። ሮቤርቶ ክሌሜንቴ ግን ይህችን ሩጫ እንደ ሌሎቹ ሁሉ በሙሉ ኃይሉ ይሮጣት ነበር።

ክሌሜንቴ እ.ኤ.አ. በ1934 በፖርቶ ሪኮ ደሴት፣ ካሮሊና በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ በሸንኮራ አገዳ እርሻ የሠራተኞች አለቃ ነበሩ። ልጁ በአገሩ ሜዳዎች ላይ ችሎታውን ካስመሰከረ በኋላ፣ በ1955 ፒትስበርግ ፓይሬትስ ለተባለው የአሜሪካ ቡድን መጫወት ጀመረ። እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ድረስ ለ18 የውድድር ዘመናት ከዚያ ቡድን አልተለየም።

በወጣትነቱ ጊዜ ሩጫው ከድፍረት አልፎ ወደ እልህ የሚያደላበት ወቅት ነበር። በሐምሌ ወር 1956 ቡድኑ ከቺካጎ ከብስ ጋር ሲጋጠም በመጨረሻው ዙር 8 ለ5 እየተመራ ነበር፤ ሦስት የፓይሬትስ ሯጮችም በቤዞቹ ላይ ቆመው ነበር። ክሌሜንቴ የመታት ኳስ ርቃ ሄደች፤ ሦስቱም ሯጮች ገብተው ነጥቡ እኩል ሆነ። አሠልጣኙ ቦቢ ብራገን በሦስተኛው ቤዝ አጠገብ ሆኖ እንዲቆም ምልክት ቢሰጠው፣ ወጣቱ አልፎት በረረ። ወደ መነሻው ተንሸራቶ ሲገባ መርገጫውን ስቶ ስለ ነበር ዘወር ብሎ በእጁ ነካው፤ ቡድኑም 9 ለ8 አሸነፈ። ነገሩን በሚዛን ለተመለከተው ግን ትክክለኛው አሠልጣኙ ነበረ። ከተራው የወጣ አንድም መቺ ስላልነበረ፣ ቆሞ ቢጠብቅ ኖሮ ጓደኞቹ ያለ ብዙ ችግር ሊያስገቡት ይችሉ ነበር።

በ1960 የሆነው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ፓይሬትስ ከ1925 ወዲህ የአሜሪካ ሻምፒዮን ሆኖ አያውቅም ነበር። ወርልድ ሲሪስ በሚባለው የፍጻሜ ውድድር ከኃያሉ ኒው ዮርክ ያንኪስ ጋር ተገናኝቶ ሦስት ለሦስት ከተሸናነፉ በኋላ፣ ጥቅምት 13 ቀን ሰባተኛው ግጥሚያ ተደረገ። በስምንተኛው ዙር ያንኪስ 7 ለ5 ይመራ ነበር። ሁለት የፓይሬትስ ሰዎች ከተራ ወጥተው ሳለ ክሌሜንቴ ለመምታት ቀረበ። ኳሷ ከዱላው ደካማ ሆና ወጥታ ወደ መጀመሪያው ቤዝ አቅጣጫ ተንከባለለች። ተከላካዩ ከቤዙ ርቆ ያዛት፤ ቤዙን ሊሸፍን የሚገባው ወርዋሪ ግን በጊዜው አልደረሰም። ክሌሜንቴ ቀደመው። በዚያችው ቅጽበት አንድ ጓደኛው ገብቶ ነጥቡ 7 ለ6 ሆነ። ወዲያው ተከታዩ መቺ ሃል ስሚዝ ኳሷን ከሜዳው አጥር ውጭ ልኳት ሦስት ነጥብ አስገኘ። ያንኪስ በዘጠነኛው ዙር 9 ለ9 ቢያደርስም፣ ቢል ማዜሮስኪ የመታት ኳስ ድሉን 10 ለ9 ለፓይሬትስ አስገኘች። ታሪክ ዘወትር የሚያነሣው የማዜሮስኪን ስም ነው፤ ይህም ይገባዋል። ይሁን እንጂ ክሌሜንቴ በመንገድ ላይ ዝግ ብሎ ቢሆን ኖሮ ስሚዝ በዚያ ዙር የመምታት ዕድል ባላገኘ ነበር።

ይህን ሁሉ ያደረገው ተመችቶት አልነበረም። በ1954 መጨረሻ በደረሰበት የመኪና አደጋ ጀርባው ተጎድቶ ለብዙ ዘመን ያሠቃየው ነበር። ሕመሙን ሲናገር አንዳንድ ጋዜጠኞች ሳይታመም የሚያማርር አስመስለው ጻፉበት፤ የእንግሊዝኛ አነጋገሩንም እንዳለ እየቀዱ መሳለቂያ አደረጉት። ስሙን እንኳ ለውጠው ቦብ ይሉት ነበር፤ እሱ ግን ሮቤርቶ መባልን አጥብቆ ይጠይቅ ነበር። በፍሎሪዳ በሚደረገው የልምምድ ወቅት በዘር መለያየት ሕግ የተነሣ ጥቁር ተጫዋቾች ከነጮቹ ጋር በአንድ ሆቴል አያድሩም፣ በአንድ ምግብ ቤትም አይመገቡም ነበር። ክሌሜንቴ ይህን ግፍ በግልጽ ይቃወም ነበር እንጂ ዝም የሚል ሰው አልነበረም። ያም ሆኖ ያማርራል የተባለው ተጫዋች ለፓይሬትስ 2,433 ግጥሚያዎች ተጫውቷል፤ በዚያ ቡድን ታሪክ ከዚህ የበለጠ የተጫወተ የለም።

በ1971 ቡድኑ እንደገና ለፍጻሜው ሲደርስ ክሌሜንቴ የ37 ዓመት ሰው ነበር። ፓይሬትስ በባልቲሞር ኦሪዮልስ ሁለት ጊዜ ተሸንፎ ሦስተኛውን ግጥሚያ በገዛ ሜዳው ጀመረ። በሰባተኛው ዙር 2 ለ1 ሲመራ፣ ክሌሜንቴ የመታት ኳስ ዘገም ብላ በቀጥታ ወደ ወርዋሪው ወደ ማይክ ኩዌላር ሄደች። ከዚህ የበለጠ ተስፋ የሌላት ኳስ አትገኝም። ኩዌላር ረጋ ብሎ ከያዛት በኋላ ቀና ሲል፣ አንጋፋው ተጫዋች እንደ ጀማሪ ልጅ ሲሮጥ አየ። ደንግጦ በጥድፊያ ወረወራት፤ ኳሷም አቅጣጫዋን ስታ የቤዙን ጠባቂ ከቦታው አስለቀቀችው። ክሌሜንቴ ዳነ። ወርዋሪው ከዚያ በኋላ አልተረጋጋም፤ ቀጥሎ የመጣውን መቺ በነጻ አሳለፈ፤ ሦስተኛው መቺ ቦብ ሮበርትሰን ደግሞ ኳሷን ከአጥር ውጭ ላካት። ግጥሚያው 5 ለ1 አለቀ።

የፈጣን ሯጭ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። ሯጩ ቤዙን ባይቀድም እንኳ ተከላካዩን ያስቸኩለዋል፤ የቸኮለ እጅ ደግሞ ይሳሳታል። የቡድን ጓደኞችም ይህን ሲያዩ ቃል አያስፈልጋቸውም። የአሥራ ሰባት ዓመት ልምድ ያለው፣ አራት ጊዜ በመምታት ችሎታ የሊጉ አንደኛ የሆነ ሰው ለከንቱ ኳስ ሲሮጥ እየተመለከተ በዝግታ መራመድ የሚደፍር ወጣት ከወዴት ይገኛል?

ፓይሬትስ ያን ውድድር 4 ለ3 አሸነፈ። ክሌሜንቴ በሰባቱም ግጥሚያዎች መትቶ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በቴሌቪዥን ፊት ሲቀርብ ከሁሉ አስቀድሞ በአገሩ በእስፓኒሽ ቋንቋ ለወላጆቹ ተናገረ፤ ምርቃታቸውንም ጠየቀ።

በታኅሣሥ 1972 የኒካራጓን ዋና ከተማ ማናጓን ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ አወደማት። ክሌሜንቴ በፖርቶ ሪኮ እርዳታ ማሰባሰቡን መራ። የተላከው እህልና መድኃኒት በመንግሥቱ ወታደሮች እጅ እየቀረ ለተጎጂው እንደማይደርስ በሰማ ጊዜ፣ እርዳታውን ራሱ ሊያደርስ ወሰነ። ታኅሣሥ 31 ቀን ማታ ከሌሎች አራት ሰዎች ጋር የተሳፈረበት ያረጀና ከመጠን በላይ የተጫነ አውሮፕላን እንደ ተነሣ ባሕር ውስጥ ወደቀ። ክሌሜንቴ የ38 ዓመት ሰው ነበር።

በ1973 የአሜሪካ ቤዝቦል ታላላቆች ስም ወደሚመዘገብበት አዳራሽ ለመግባት ሊያልፍ የሚገባው የአምስት ዓመት ጊዜ ቀርቶለት፣ በዚያ ከተመዘገቡት የላቲን አሜሪካና የካሪብያን ተወላጆች የመጀመሪያው ሆነ። ከዚያ ቀደም ብሎ በፖርቶ ሪኮ የመታሰቢያ ጸሎት ሲደረግ የፓይሬትስ ተጫዋቾች በአንድነት ተገኝተው ነበር። የፓናማው ተወላጅ ማኒ ሳንጊየን ብቻ በመካከላቸው አልነበረም። እሱ በዚያ ሰዓት አስከሬኑን ሊፈልግ ከጠላቂዎች ጋር ባሕር ውስጥ ነበር። አስከሬኑ ግን አልተገኘም።