ከኮሶዬ ወደ ጎንደር፦ የወንድምና የእኅት የሁለት ቀን ጉዞ

የአጋማሽ ዓመት የትምህርት ዕረፍት ሲቃረብ በየቤቱ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ልጆቹ ጊዜያቸውን በምን ያሳልፉ? አቅም ያላቸው ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ዱባይ ወይም ኢስታንቡል ደርሰው ይመለሳሉ። ሙዚየም ያሳያሉ፣ ገበያ ያዞራሉ። አላህ ይጨምርላቸው። እኛ ዛሬ ከውድ አንባቢያን ጋር የምንወያየው ግን ፓስፖርትም ቪዛም ስለማይጠይቅ ጉዞ ነው።

ኮሶዬ ከጎንደር በስተሰሜን፣ በደባርቅ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በወገራ ደጋ ላይ የምትገኝ ብርዳም መንደር ናት። ከገደሉ አፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ቆላውን ለመመልከትና ጭላዳ ዝንጀሮዎችን ፎቶግራፍ ለማንሣት ከባሕር ማዶ ሳይቀር ሰው ሲመጣባት ኖሯል። ነገሩ ይገርማል! የባዕድ አገር ሰው ውቅያኖስ አቋርጦ የኮሶዬን ገደል ያያል፤ ስንቱ የኮሶዬ ልጅ ግን ጎንደርን የሚያውቃት በመናኸሪያዋና በሐኪም ቤቷ ብቻ ነው። ሲታመም ይወሰዳል፣ ሲሻለው ይመለሳል። የዳባትና የደባርቅ ልጆችም ዕጣቸው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ወንዱ ልጅ ዐሥራ ሰባት፣ እኅቱ ዐሥራ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል እንበል። አባት ለልጁ ይፈቅዳል። «እሷ ደግሞ ከተማ ምን ልትሠራ?» ይላል። እናት ዝም ትላለች። ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ልጅቱም እንስራዋን አንሥታ ወደ ወንዝ ትወርዳለች። በዝግጅት ክፍላችን እምነት ግን ይህ ጉዳይ እንዲህ በቀላሉ ሊዘጋ አይገባውም። ለአቅመ አዳም የደረሰ ወንድም ለእኅቱ መሕረም ነው። ሸሪዓው ለሴት ልጅ ጉዞ ከሚያስቀምጠው ጥንቃቄ ዋነኛው እዚሁ ቤት ውስጥ ተሟልቶ ሳለ፣ ልጅቱን የሚያስቀራት ሃይማኖት ሳይሆን ልማድ ነው። ሁለቱን መለየት የወላጅ ድርሻ ነው።

ሌላም ጥያቄ ይነሣል፤ ሶላት ያሳጥራሉ ወይ? አብዛኞቹ የፊቅህ ሊቃውንት ለማሳጠር የሚያበቃውን ርቀት ወደ 80 ኪሎ ሜትር ግድም ያደርሱታል። የኮሶዬ መንገድ የዚህን ግማሽ እንኳ ስለማይሞላ ልጆቹ ሶላታቸውን አሟልተው ይሰግዳሉ።

ስለ ጸጥታው ዝም ብለን ማለፍ አንችልም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በተነሣው የትጥቅ ግጭት መንገድ የሚዘጋባቸው ቀናት ነበሩ። ከዚያም በፊት፣ በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. በራሷ በጎንደር በአንድ ሼኽ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ በደረሰው ጥቃት ወገኖቻችን ሕይወታቸውን ማጣታቸውን የማያስታውስ የለም። እናት ብትፈራ እውነቷን ነው። ስለዚህ በዋዜማው ከጎንደር የሚመለሱ ሾፌሮችን መጠየቅ፣ የሚያድሩበትን ዘመድ አስቀድሞ ማሳወቅ፣ መንገዱ አጠራጣሪ ከሆነም ጉዞውን ለሌላ ሳምንት ማሳደር ያስፈልጋል። ግንቡ አይሸሽም።

መንገዱ ሰላም ከሆነ ግን ዓርብ በማለዳ ይነሡ። ጎንደር እንደ ደረሱ የመጀመሪያው ማረፊያ ፋሲል ግቢ ነው። ዐፄ ፋሲለደስ (እ.ኤ.አ. 1632–1667) ከተማይቱን በ1636 እንደቆረቆሯት ይታወቃል። ባለ አራት ማዕዘን ግንቡን፣ ማዕዘኖቹ ላይ ባሉት ክብ ጉልላቶች የተነሣ «እንቁላል ግንብ» ይሉታል። ግቢው ከ1979 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል።

ብዙ ሙስሊም ወጣት በዚህ ግቢ ውስጥ ሲመላለስ «ይህ የሌሎች ታሪክ ነው» ብሎ ያስባል። እዚህ ላይ ቆም እንበል። ግንቡ ገና አዲስ ሳለ አይተው ከጻፉልን ሰዎች አንዱ ሙስሊም ነው። የየመኑ ኢማም አል-ሙተወክኪል ኢስማዒል መልእክተኛ ሐሰን ኢብን አሕመድ አል-ሐይሚ በበይሉል ወደብ ገብቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ እ.ኤ.አ. በ1648 ጎንደር ደረሰ። ንጉሡ እስልምናን ይቀበሉ ይሆናል የሚል ተስፋ ነበረው። ንጉሡ የፈለጉት ግን የንግድ መንገድ ሆኖ አገኘው። ተስፋው ባይሳካም ብዕሩን አልጣለም። ያየውን ሁሉ በዐረብኛ አሰፈረ፤ የድንጋይና የኖራውን ሕንፃ አድንቆ፣ የሠራው ሰው ሕንዳዊ መሆኑንም መዘገበ። ዛሬ ስለ ግንቡ ሠሪዎች የሚከራከሩ የታሪክ ምሁራን ሁሉ ወደዚህ የየመን ሰው ጽሑፍ መመለሳቸው አይቀርም። ወንድምየው ይህን ለእኅቱ በግንቡ ጥላ ሥር ቢነግራት መልካም ነው። እሷ ቀድማ አንብባ ብትነግረው ደግሞ የበለጠ መልካም ነው!

ከዚያ ወዲያ የዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ግንብ አለ። በዝሆን ጥርስና በመስታወት ያጌጠ ነበር ይባልለታል። የ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፤ በ1941 እንግሊዞች ጣልያንን ሲያስወጡ የጣሉት ቦምብም ጨመረበት። ጊዜ ከተረፈ ራስ ግንብን ይመልከቱ። የራስ ሚካኤል ስሑል መኖሪያ እንደነበረ ይነገርለታል፤ በኋላ ሙዚየም ሆኗል።

ጁምዓ ሲደርስ ወደ አዲስ ዓለም ይውረዱ። ይህ ሰፈር የመግቢያ ትኬት ባይቆረጥበትም እንደ ሙዚየም መታየት ያለበት ነው። ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በ1668 በጎንደር ባስጠሩት ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነ። አባቶቻችን ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ በታች፣ ወደ ቀሃ ወንዝ ወርደው ሰፈሩ። ሰፈሩ እስላም ቤት ተባለ፤ ኋላም አዲስ ዓለም። ርስት ስላልነበራቸው ንግድና ሽመና ያዙ። በአንድ በኩል ምጽዋ፣ በሌላ በኩል በመተማ አድርገው ስናር ድረስ ይዘልቁ ነበር። ዝባድ፣ ወርቅና ቡና ይዘው ይወርዱና ጨርቅ ይዘው ይወጡ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲገባ በመጀመሪያ ያረፈው በዚሁ በሙስሊሞቹ ሰፈር ነው። እንዲለዩ የታዘዙት ሰዎች የከተማይቱ በር ሆነው ተገኙ ማለት ነው። ልጆቹ ከሶላት በኋላ ከሰፈሩ ሽማግሌዎች አጠገብ ጥቂት ቢቀመጡ በየትኛውም ግድግዳ ላይ ያልተጻፈ ነገር ይሰማሉ።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። ቅዳሜ ገበያ ሲገቡ ገንዘቡን ማን ይያዝ የሚለው ነገር ጠብ እንዳያመጣ ቀድሞ ይወሰን። የእኛ ምክር እኩል ተካፍለው እንዲይዙ ነው፤ ወንዱ ኪሱን ሲያሳብጥ እኅቱ ለአንዲት ሻሽ መለመን የለባትም። የሐሰት ሽቶና በአንድ እጥበት የሚለቅ ሸሚዝ ብዙ ነው፤ ሻጩ ምሎ ሲገዘት ሰምቶ መታለልም አለ። ዋጋ ሳይጠይቁ፣ ሦስት ቦታ ሳያነጻጽሩ መግዛት የለም። ለኮሶዬ ብርድ ከፋብሪካ ጃኬት ይልቅ ጥሩ ጋቢ ያዋጣል። ጋቢ የሚገዛ ሰው ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥቶ ይመልከት፤ ድሩና ማጉ ጠበቅ ብሎ የተመታ ከሆነ ቶሎ አይሳሳም። ጠርዙንም ይጎትት፤ እጅ ላይ የሚፈታ ከሆነ ይለፈው። ከተቻለ ከሸማኔው ከራሱ እጅ ይግዛ፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ ሸማኔውም ያመሰግናል።

ወደ ኮሶዬ የሚወጣው መኪና ከመናኸሪያው የሚነሣው ሲሞላ ነው። ስለዚህ ዝሁርን ሰግደው ወዲያው ይሳፈሩ፤ የእናታቸውን ጋቢ ከመኪናው ጣራ ላይ አይጫኑት፤ እኅትየው ጭኗ ላይ ትያዘው።