ቆሼን አፈር ማልበስ ምን ይፈይዳል?

አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው በክረምት ነው። ሕዝቡ ቆሼ የሚለው የረጲ ቆሻሻ መድፊያ ደግሞ 36 ሄክታር ያህል ስፋት አለው። ሁለቱን ስናባዛ በየዓመቱ ከ400 ሺህ ሜትር ኩብ በላይ ውኃ ክምሩ ላይ ይወርዳል ማለት ነው። ከፊሉ ይተናል፣ ከፊሉ ቁልቁል ይፈሳል፤ የቀረው ግን ወደ ውስጥ ይሰርግና ያገኘውን እያጠበ፣ ጥቁር ፍሳሽ ሆኖ ከሥር ይወጣል። የከባድ ብረቶች ጣጣ የሚጀምረው ከዚህ ውኃ ነው።

እርሳስ ከአሮጌ የመኪና ባትሪና ከቀለም፣ ካድሚየም እየተሞሉ ከሚሠሩ ባትሪዎች፣ ሜርኩሪ ከፍሎረሰንት አምፖል ይመጣል። የምግብ ትራፊ ይበሰብሳል፤ እርሳስ ግን ሺህ ዓመት ቢቆይም እርሳስ ነው። አፈር ብረትን አያጠፋም፤ ብረቱ ባለበት እንዲቆይ ወይም እንዳይቆይ ያደርጋል እንጂ።

እንዴት? አዲስ የተደፋ ቆሻሻ ኦክስጅኑ ሲያልቅ መጀመሪያ እንደ ሊጥ ቦክቶ ይኮመጥጣል፤ ብዙዎቹ ብረቶችም በአሲዱ ይሟሟሉ። ቆይቶ ሚቴን የሚያመርቱ ተሕዋስያን ተራውን ይረከባሉ፤ አሲዱም ይቀንሳል። በዚሁ ጊዜ ሰልፌት ወደ ሰልፋይድ ይለወጥና እርሳሱንና ካድሚየሙን አስሮ ጠጣር ያደርጋቸዋል። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ መድፊያ በመጀመሪያዎቹ ዐሥርት ዓመታት በፍሳሹ የሚያወጣው ብረት በውስጡ ካለው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። አየር ተመልሶ ከገባ ግን ሰልፋይዱ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ እንደገና አሲድ ይፈጥራል፤ የታሰረውም ይፈታል። እንግዲህ ጥሩ የአፈር ልባስ ዝናብንም አየርንም የሚከለክል ነው።

የአሜሪካ ደንብ በየቀኑ የተደፋውን ቆሻሻ 15 ሴንቲ ሜትር አፈር አልብሱት ይላል። መድፊያው ሲዘጋ ደግሞ ውኃ የማያሳልፍ 45 ሴንቲ ሜትር፣ በላዩም ሣር የሚያበቅል 15 ሴንቲ ሜትር አፈር ይጠይቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከውፍረቱ ይልቅ የአፈሩ ዓይነት ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ በብዛት የሚገኘው መረሬ የተባለው ጥቁር አፈር እርጥብ ሲሆን ውኃ አያሳልፍም፤ በበጋ ግን እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የመጀመሪያው የክረምት ዶፍ በዚያ ስንጥቅ በቀጥታ ወደ ቆሻሻው ይወርዳል። የብረት ዝገት የበዛበት ቀይ አፈር በበኩሉ እርሳስን አጥብቆ ይይዛል፤ ኦክስጅን በሌለበት ግን ዝገቱ ራሱ ሟሙቶ የያዘውን አርሰኒክ ሊለቅ ይችላል። ለሁሉም የሚሆን አፈር የለም።

ደግሞ አፈር ክብደት አለው። በመጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በቀጥ ያለ ቁልቁለት ላይ አፈር መቆለል ሌላ ናዳ መጋበዝ ነው፤ መጀመሪያ ዳገቱ ተቆርጦ መተኛት አለበት።

ቆሼ ሥራ የጀመረው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ከሥሩ ፍሳሽ የሚያግድ ምንጣፍ አልተነጠፈለትም። ስለዚህ ከላይ የሚለብሰው አፈር ፍሳሹን ይቀንሰዋል እንጂ አያቆመውም። ፍሳሹ በሚደርስበት በትንሹ አቃቂ ወንዝ ውኃ ደግሞ ጎመንና ሰላጣ አልምቶ ለከተማው የሚሸጥ ገበሬ አለ። ሌላው ሥራ ቢዘገይ እንኳ፣ ስንጥቁን መድፈንና የጎርፍ መውረጃውን መጥረግ ከሰኔ በፊት ማለቅ አለበት።